«350 ዶላር ነው፣ ልግዛው?» ርካሽ የውጭ ሽጉጥ ከመግዛታችሁ በፊት

«የቱርክ ነው፣ አዲስ ነው፣ ከነሁለት ካርታው 350 ዶላር። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?»

ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ተደጋግሞ ይደርሰናል። የሚልኩልን በአብዛኛው አሜሪካ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ሌሊት ጋዝ ስቴሽን የሚያድሩ፣ ትንሽ ሱቅ የከፈቱ፣ ቤታቸው አንዴ የተሰበረባቸው። በነገራችን ላይ ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ፦ ሁለቱም ኩባንያዎች ስራ ላይ ሽጉጥ መያዝን የሚከለክል መመሪያ አላቸው። ከስቴቱ ፈቃድ ቢኖራችሁም አካውንታችሁን ሊዘጉት ይችላሉ።

ግዙ ወይም አትግዙ ማለት የኛ ስራ አይደለም። ግን እውነቱን ለመናገር ዋጋው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሽጉጥ እንደ ስልክ አይደለም። ርካሽ ስልክ ሲበላሽ ጥሪ ይቋረጣል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ትበሳጫላችሁ። ሽጉጥ ሲበላሽ ግን ወይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከሽፋል፣ ወይ በማያስፈልግበት ሰዓት ይተኩሳል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ያኔ ፊት ለፊቱ ያለው ሌባ ሳይሆን የራሳችሁ ሰው ነው።

ስለዚህ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ ማን ሰራው? ማን አስገባው? ማን ፈተነው? ቢበላሽስ ማን ይቀበለኛል? ከዚህ በታች የምንፅፈው ህጋዊ ፈቃድ ካለው ሱቅ፣ በራሱ ስም ለሚገዛ ሰው ነው። ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

75 ነጥብ ያላመጣ አይገባም

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ። ማርች 30 ቀን 1981 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ዋሽንግተን ሂልተን ሆቴል ደጃፍ ላይ በጥይት ተመቱ። ዲሲ ያላችሁ ሆቴሉን ታውቁታላችሁ፣ ከአዳምስ ሞርጋን ወረድ ብሎ ያለው ነው። ተኳሹ የያዘው አርጂ 14 የሚባል፣ .22 ካሊበር የሆነ፣ ባለ ከበሮ ትንሽ ሽጉጥ ነበር። ዳላስ ውስጥ ከአንድ ፖውን ሾፕ ከ50 ዶላር ባነሰ ዋጋ የተገዛ።

ሽጉጡን የሰራው ሮህም የጀርመን ኩባንያ ነው። የሚገርመው ግን ያ ሽጉጥ በወረቀት ላይ «ከጀርመን የገባ» አልነበረም። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሳሪያ ቁጥጥር ህግ ትንንሽና ርካሽ ሽጉጦች ከውጭ እንዳይገቡ በሩን ዘግቶ ነበር። የዘጋው ግን ለተገጣጠመው ሽጉጥ ነው። ክፍሎቹ በተናጠል መግባት ይችሉ ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? ክፍሎቹን ከጀርመን አምጥተው ማያሚ ውስጥ መገጣጠም።

ከዚያ ህግ የወጣ እስከ ዛሬ የሚሰራ አንድ ፎርም አለ፤ ፎርም 4590 ይባላል። ኤቲኤፍ የሚባለው የፌዴራል መስሪያ ቤት ከውጭ የሚገባን ባለ ካርታ ሽጉጥ በዚህ ፎርም ልክ እንደ ፈተና ነጥብ ይሰጠዋል። 75 ነጥብ ያላመጣ አይገባም። ርዝመቱና ቁመቱ ተደምሮ ቢያንስ 10 ኢንች መሆን አለበት። ሴፍቲ የሌለው ደግሞ ነጥብ እንኳ አይቆጠርለትም። ከዚያ በኋላ ክብደቱ በየአውንሱ 1 ነጥብ ያገኛል፣ 9 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ካሊበር 10፣ ምላጩ ካልተሳበ መምቻ መርፌው ወደፊት እንዳይሄድ የሚያግድ ቁልፍ 10፣ ውስጡ ጥይት መኖሩን የሚያሳይ ምልክት 5፣ እያለ ይሄዳል።

ይህ ፎርም አንዳንድ አስቂኝ ሽጉጦችን ፈጥሯል። የጀምስ ቦንድ ሽጉጥ የምትባለው ዋልተር ፒፒኬ ቁመቷ ትንሽ ስላጠረ ከ1968 በኋላ መግባት አልቻለችም። ኩባንያው የትልቅ እህቷን የፒፒን እጀታ ወስዶ ከፒፒኬ የላይኛው ክፍል ጋር ገጥሞ «ፒፒኬ ኤስ» ብሎ አስገባት። ቶካሬቭ ደግሞ ሲሰራ ጀምሮ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ አልነበረውም። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚገቡት ቶካሬቮች ሁሉ፣ የሰርቢያው፣ የሮማኒያው፣ የቻይናው፣ በኋላ የተጨመረ ሴፍቲ አላቸው። አንዳንዱ ላይ ስራው ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ለይስሙላ የተለጠፈ ይመስላል። ቶካሬቭ የምታዩ ከሆነ መጀመሪያ የምትፈትሹት ያንን ነው።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ፎርም 4590 ሽጉጡን ይለካዋል፣ ይመዝነዋል፣ ምን ምን እንዳለው ይቆጥራል። ነገር ግን የተለመደው ባለ ካርታ ሽጉጥ ይህን ነጥብ ለማግኘት አንዲት ጥይት መተኮስ አይጠበቅበትም። «በህጋዊ መንገድ የገባ» ማለት «በደንብ የሚሰራ» ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ማን ነው የሚፈትነው?

መልሱ ይገርማል። አሜሪካ ውስጥ የልጆች መጫወቻ፣ ቶስተር፣ የህፃናት አልጋ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ ከገበያ እንዲሰበሰብ የሚያደርግ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የሚባል መስሪያ ቤት አለ። ይህ መስሪያ ቤት የመጫወቻ ሽጉጥን ማሰብሰብ ይችላል፤ እውነተኛውን ሽጉጥ ግን በህግ አይነካም። ስለዚህ ሽጉጥ ችግር ሲገኝበት የሚሰበሰበው ኩባንያው ራሱ ሲፈልግ ወይም ፍርድ ቤት ሲቆም ነው።

የብራዚሉን ታውረስ እንውሰድ። ከርካሾቹ መካከል ስሙ የገነነ ነው። 9 ሞዴሎቹ ሲወድቁ ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ በቡድን ተከሰሰ፤ ጉዳዩ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሽጉጥ ይመለከት ነበር። በ2015 ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን ለመስማማት ፈረመ። ከነዚያ ሽጉጦች ብዙዎቹ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ነው፤ ፒቲ 111 ሚሌኒየም እና ፒቲ 24/7 የሚባሉትን በርካሽ ስታገኙ ለምን እንደረከሱ ጠይቁ።

«አሃ፣ ርካሽ ስለሆነ ነዋ» እንዳትሉ። የአሜሪካ ጦር በጃንዋሪ 2017 የመረጠው የሲግ ሳወር ፒ320 የገበያው ሞዴል፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በሆነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ተነግሮ ኩባንያው በነፃ አስተካክላለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ያ ርካሽ ሽጉጥ አይደለም። ውድ መሆን አላዳነውም።

አውሮፓ ውስጥ ነገሩ ለየት ይላል። ሲአይፒ የሚባለው ስምምነት አባል የሆኑ ሀገሮች፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስፔን፣ ከአረቡ ዓለም ደግሞ ኤምሬትስ፣ እያንዳንዱ ሽጉጥ ከመሸጡ በፊት ከመደበኛው ቢያንስ በሩብ የሚበልጥ ግፊት ባለው ጥይት ተተኩሶ እንዲፈተን ያስገድዳሉ። ያለፈው ላይ ትንሽ ማህተም ይመታበታል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ የፌዴራል ግዴታ የለም፤ ለፋብሪካዎቹ የተተወ ነው።

ግን ሁለት ነፃ መረጃዎች አሉ፣ ሁለቱንም በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

አንደኛው የካሊፎርኒያ ዝርዝር ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት የአንድ ሞዴል ሦስት ሽጉጦች እያንዳንዳቸው 600 ጥይት ይተኩሳሉ። የመጀመሪያዎቹ 20 ጥይቶች ያለ ምንም እክል መውጣት አለባቸው፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ6 በላይ እክል አይፈቀድም። ከዚያ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ በተለያየ አቅጣጫ ይጣላሉ። እዚያ ዝርዝር ላይ ያለ ሽጉጥ ቢያንስ ይህን አልፏል። የሌለ ሁሉ ግን መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ካሊፎርኒያ ሌሎች ከባድ ቅድመ ሁኔታዎች ስላሏት ብዙ ኩባንያ አዲስ ሞዴሉን ጭራሽ አያስገባም።

ሁለተኛው ለሲልቨር ስፕሪንግ ልጆች ቅርብ ነው። ሜሪላንድ በ1988 እነዚያን የጥንቶቹን ርካሽ ሽጉጦች ለማገድ ህግ አወጣች፣ በዚያው ዓመት ህዝቡ በድምፅ አፀደቀው። ከዚያ ወዲህ ቦርድ ተቋቁሞ የሚፈቀዱትን ሽጉጦች ይመዘግባል። ሲመዝን ከሚያያቸው ነገሮች መካከል የብረቱ ጥራት፣ የአሰራሩ ጥራትና የደህንነቱ አስተማማኝነት አሉበት። እንደ ካሊፎርኒያ 600 ጥይት አያስተኩስም፤ ስለዚህ ሚዛኑ ቀለል ይላል። ሆኖም ቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር የሌላችሁ ልጆች፣ የጎረቤታችሁን ማየት ምንም አያስከፍላችሁም።

የጥቁር ባህር ልጆች

ዛሬ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ «ርካሽ የውጭ» ስንል በአብዛኛው የምናወራው ስለ ቱርክ ነው። ካኒክ ሳምሱን ከተማ ይሰራል፣ ቲሳሽ ትራብዞን፣ ጊርሳን ጊሬሱን፤ ሦስቱም የጥቁር ባህር ዳርቻ ከተሞች ናቸው። ሳርስልማዝ ዱዝጄ ያለ ሲሆን ከ1880 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ከፊሊፒንስ ደግሞ አርምስኮር አለ፣ 1911 የሚባለውን የድሮ የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ ንድፍ «ሮክ አይላንድ» በሚል ስም ይሸጣል።

እነዚህ እንደ ሮህም አርጂ 14 አይደሉም። ዘመናዊ ማሽን ያላቸው፣ ለሀገራቸው ጦርና ፖሊስ የሚሰሩ ፋብሪካዎች ናቸው። የሚረክሱበት ምክንያት በአብዛኛው የሰው ጉልበት ዋጋና የሊራው መውደቅ ነው እንጂ ብረቱ ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም። በኛ አስተያየት ከ300 እስከ 400 ዶላር የሚሸጡት የቱርክ ሽጉጦች ውስጥ በእጥፍ ዋጋ ከሚሸጡት ጋር የሚፎካከሩ አሉ። ግን «የቱርክ» የሚለው ቃል የጥራት ደረጃ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለየብቻው ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ 1911 የምታዩ ከሆነ መምቻ መርፌውን የሚያግድ ቁልፍ እንዳለው ሻጩን ጠይቁ። ከርካሾቹ ብዙዎቹ የጥንቱን ንድፍ ስለሚከተሉ ይህ ቁልፍ የላቸውም።

የቻይና ኖሪንኮ «አዲስ ነው» ተብሎ ቢቀርብላችሁ ሳቁ። የቻይና ሽጉጥ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የታገደው በ1994 ነው። ያ ሽጉጥ ከናንተ ከአንዳንዶቻችሁ ይበልጣል።

ሱቅ ውስጥ፦ ካሽ ከመውጣቱ በፊት

ሻጩ ሽጉጡን ሲሰጣችሁ ካርታውን አውጥቶ፣ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ማለትም ስላይዱን ወደ ኋላ ስቦ፣ ባዶ መሆኑን አሳይቶ ነው። እናንተም በዓይናችሁ እዩ፣ በትንሿ ጣታችሁም ዳስሱ። እሱ አየ ብላችሁ አትተዉት። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም፣ ጣት ምላጭ ላይ አይገባም። ሳያሳያችሁ ዝም ብሎ የሚያቀብል ሻጭ ከገጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ከዚያ አንብቡ። አዎ፣ ሽጉጥ ይነበባል። ህጉ ከውጭ የገባ ሽጉጥ ላይ የሰሪው ስም፣ የተሰራበት ሀገር፣ ያስገባው ድርጅት ስምና ከተማ፣ ካሊበሩና ተከታታይ ቁጥሩ እንዲቀረፅ ያስገድዳል። ከሁሉም ለኛ የሚጠቅመን የአስመጪው ስም ነው። ሽጉጡ ቢበላሽ ትራብዞን ድረስ አትልኩትም፤ የምትልኩት ቴኔሲ ወይም ፍሎሪዳ ላለው አስመጪ ነው። ስሙን ፎቶ አንሱ፣ እዚያው ቆማችሁ ድረ ገፁን ክፈቱ። ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው ወይስ ለሽጉጡ? ተጨማሪ ካርታ አለው? ስንት ነው? ምላሱ የተሰበረ ሰው መለዋወጫ አግኝቷል? አንዳንዱ ሽጉጥ በ300 ዶላር ተገዝቶ ካርታው በየትም የማይገኝ ይሆናል። ተከታታይ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተነካካ ከሆነ ደግሞ አስቀምጡትና ውጡ። መያዙ ራሱ ወንጀል ነው።

አሁን የስልካችሁን መብራት አብሩ። ሻጩ ሽጉጡን ፈታትቶ አፈሙዙን ብቻውን እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ዘመናዊ ሽጉጦች ያለ መሳሪያ በሰከንዶች ይፈታሉ። በአንድ ጫፍ መብራቱን አድርጋችሁ በሌላው ተመልከቱ። ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ መስመር ጥርት ያለ፣ የሚያበራ መሆን አለበት። ጥቁር ነጠብጣብ፣ ዝገት፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ እንደ ቀለበት ያበጠ ጥላ ካያችሁ አትግዙ። ቀለበቱ አፈሙዙ ተዘግቶ ሳለ የተተኮሰ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። አዲስ ሽጉጥ ላይ ይህ አይጠበቅም፣ አሮጌ ላይ ግን ያጋጥማል።

የስላይዱን ውስጥ እዩ። ውጪውማ ሁሉም ያምራል፤ ዛሬ ቀለም ርካሽ ነው። እውነቱ የሚታየው ውስጥ ነው። ሰራተኛው ማንም አያየውም ብሎ የተወው ቦታ ላይ ሻካራ የመሳሪያ ጭረት፣ ያልተላገ ሹል ጠርዝ፣ በጣት የሚነቀል የብረት ፍርፋሪ ካለ ቁጥጥሩ ላላ ያለ ነው። ቀለህ ይዞ የሚያወጣው ትንሽ መንጠቆ ጥርሱ ጥርት ያለ ይሁን። ጭረት ብቻውን ሽጉጥ አያበላሽም፤ መንጠቆው ወይም ጥይቱ የሚገባበት መወጣጫ ላይ ሲሆን ግን ጥይት እንዲቀረቀር ያደርጋል።

መልሶ ሲገጠም ስላይዱን በእጃችሁ ያዙና ወደ ግራና ቀኝ ወዝውዙት። ትንሽ ቢነቃነቅ አትደንግጡ፣ የጦር ሽጉጦች እንዲያውም ሆን ተብሎ ላላ ተደርገው ይሰራሉ። ይበልጥ የሚያሳስበው አፈሙዙ ነው። ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ ቀለህ በሚወጣበት መስኮት በኩል አፈሙዙን በአውራ ጣት ወደ ታች ጫን በሉት። ጠብቆ መቆም አለበት። በየጊዜው ወደ አንድ ቦታ የማይመለስ አፈሙዝ በየጊዜው ሌላ ቦታ ይመታል።

ቀጥሎ ያለው ትልቁ ነው፤ ባዶውን ምላጭ ለመሳብ መጀመሪያ ሻጩን አስፈቅዱ። ባዶ መሆኑን እንደገና አረጋግጡ፣ ወደሚፈቀደው አቅጣጫ ያዙት። መዶሻ ያለው ሽጉጥ ከሆነ መዶሻውን ወደ ኋላ አቁሙት፣ ሴፍቲውን ዝጉ፣ ምላጩን ሳቡ። መዶሻው መውደቅ የለበትም። ጣታችሁን ከምላጩ አውጡ፣ ሴፍቲውን ክፈቱ። አሁንም መውደቅ የለበትም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ይተወዋል፤ አደገኛው ግን ሴፍቲው ሲከፈት ራሱ የሚተኩሰው ነው። ሦስተኛ፣ መዶሻው ቆሞ ሳለ ከኋላው በአውራ ጣት ወደፊት ግፉት። ከተንሸራተተ ሽጉጡን መልሱ፣ ዋጋ አትከራከሩ፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።

ባዶ ካርታ አስገብታችሁ ስላይዱን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ተከፍቶ መቆም አለበት። ቁልፉን ስትጫኑ ካርታው በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት። ሁለቱንም ካርታ ሞክሩ። የርካሽ ሽጉጥ እክል ግማሹ የካርታ እክል ነው ብንል አናጋንንም፤ ከንፈሩ የተጣመመ ካርታ ጥሩውን ሽጉጥ መጥፎ ያስመስለዋል። ማነጣጠሪያውም ከላይ ሲታይ ቀጥ ያለ ይሁን።

ስለ ብረቱ አንድ ነገር እንበል። የዚንክ ቅይጥ ስላይድ .22 ላይ የተለመደ ነው። 9 ሚሊሜትር ላይ ካያችሁት ግን የብረቱን ድካም ለማካካስ ወፍራምና ከባድ ተደርጎ የተሰራ ነው፤ እንደ ድንጋይ የሚከብዳችሁ ለዚያ ነው። ይተኩሳል፣ ግን ከተጭበረበረ ክብደት ጥንካሬ አትጠብቁ።

ዩቲዩብ ላይ ያለው ሁሉ

ሽጉጥ የሚገመግሙ ቻናሎች ብዙዎቹ ሽጉጡን ከኩባንያው በነፃ ነው የሚያገኙት። ይህ ውሸታም አያደርጋቸውም፣ ግን የመጀመሪያ ቀን 100 ጥይት ተኩሶ «አሪፍ ነው» የሚል ቪዲዮ ብዙም አይጠቅምም። 1,000 ወይም 2,000 ጥይት በኋላ የተሰራውን ፈልጉ። ምን ተሰበረ? ስንት ጊዜ ተቀረቀረ? አስመጪው በስንት ሳምንት መለሰለት? የሞዴሉን ስም «ሪኮል» ከሚለው ቃል ጋር መፈለግንም አትርሱ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉም የሚሻለው ግን መከራየት ነው። ብዙ የተኩስ ሜዳዎች በትንሽ ክፍያ ያከራያሉ። በእጃችሁ የማይመች ሽጉጥ የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው ለናንተ ጥሩ አይደለም።

ከገዛችሁም በኋላ ፈተናው አላለቀም። ቢያንስ 200 ወይም 300 ጥይት ሳትተኩሱበት አትመኑት፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ቤት የምታስቀምጡት አይነት ጥይት ይሁን። የጥይት ዋጋ ይለዋወጣል፤ አንዱን 30 ሳንቲም ብናሰላው 300 ጥይት 90 ዶላር ነው። ተጨማሪ ካርታ፣ ትንሽ ካዝና፣ ስልጠና ጨምሩበት። ሜሪላንድ ከሆናችሁ አሻራና የ4 ሰዓት ስልጠና ያለበት ፈቃድ አለ፣ ከዚያም 7 ቀን መጠበቅ። የ350 ዶላሩ ሽጉጥ ሳታውቁት ከ600 አለፈ። ይህን ከአቅም በላይ የሚሆንበት ሰው የሽጉጡን ዋጋ ሳይሆን ጠቅላላውን ሂሳብ ነው ማየት ያለበት፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚቀነሰው ሁልጊዜ ስልጠናውና ካዝናው ነው።

«ወንድሜ፣ በስምህ ግዛልኝ»

ይህችን በአጭሩ። በፌዴራል ህግ ፈቃድ ያለው ሱቅ ሽጉጥ የሚሸጠው 21 ዓመት ለሞላው ነው። ግሪን ካርድ ያላችሁ የስቴታችሁን ህግ አሟልታችሁ መግዛት ትችላላችሁ። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ፣ ተማሪም ሆነ ጎብኚ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቀድላችሁም። ወረቀታችሁ መሃል ላይ ከሆነ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ፤ ፎርሙ ላይ የተሳሳተ መልስ መሙላት ወንጀል ነው፣ ለስደተኛ ደግሞ መዘዙ ከእስርም ያልፋል። ጓደኛ ወይም ዘመድ ራሱ መግዛት ስለማይችል «በስምህ ግዛልኝ» ካላችሁ፣ በ2022 የወጣው ህግ ይህን እስከ 15 ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል ነው የሚያየው። ይሉኝታ እዚህ ጋ አይሰራም።

ሀገር ቤት ያላችሁ ደግሞ

«የቱርክ ሽጉጥ» የሚለውን ስም ኢትዮጵያ ውስጥ የምታውቁት ከሱቅ ሳይሆን ከፖሊስ ዜና ነው፤ በቦቴ ተደብቆ፣ በጭነት መኪና ወለል ስር ተይዞ። የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መያዝም መነገድም ምን እንደሚያስከትል የታወቀ ነው፤ እሱን አንደግምም። ከላይ የዘረዘርነው ምርመራም እዚያ ገበያ ላይ አይሰራም፤ አስመጪ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ የሚቀበላችሁ የለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው። ቱርክ ውስጥ ድምፅ ብቻ የሚያሰሙ፣ መልካቸው ከእውነተኛው የማይለይ ሽጉጦች በብዛት ይመረታሉ። ለእውነተኛ ጥይት የተሰሩ አይደሉም፤ ብረታቸው ለስላሳ ቅይጥ ነው። እነዚህ ተነካክተው እንደ እውነተኛ ሽጉጥ ሲሸጡ በአውሮፓም በአፍሪካ ቀንድም ተይዘዋል። እንግሊዝ በ2025 መጀመሪያ ላይ አንዳንድ የቱርክ ሞዴሎችን ሰው ሳይከሰስ እንዲያስረክብ የምህረት ጊዜ ሰጥታ ከዚያ በኋላ መያዛቸውን ህገወጥ አድርጋለች። እንዲህ ያለ ሽጉጥ በእውነተኛ ጥይት ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚፈነዳው ደግሞ በያዘው ሰው እጅ ላይ፣ ከፊቱ አጠገብ ነው። በድብቅ ብዙ ብር ከፍሎ የገዛው ሰው ያንን የሚያውቀው ምላጩን የሳበ ቀን ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ቁልፍ

አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሱቅ ሽጉጥ ሲሸጥላችሁ ቁልፍ ወይም ማስቀመጫ አብሮ መስጠት አለበት። በአብዛኛው ቀጭን የሽቦ ቁልፍ ናት። ካርታው በሚገባበት ታስገቧትና ቀለህ በሚወጣበት መስኮት ታወጧታላችሁ፤ ስላይዱ መዝጋት አይችልም፣ ጥይትም አይገባም። ብዙ ሰው ከሳጥኑ ሳያወጣት ይጥላታል። ልጅ ያለበት ቤት፣ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ የዘመድ ልጆች የሚሯሯጡበት የሀበሻ ቤት ከሆነ፣ ሽጉጡን ከመኪና ከማውረዳችሁ በፊት አስገቧት። ቤት ውስጥ መንፈሱ የተረበሸ፣ «መኖር አስጠላኝ» የሚል ሰው ካለ ደግሞ ሽቦዋ አትበቃም፤ ሽጉጡ ለጊዜው ከዚያ ቤት ውጭ ቢቆይ ይሻላል። የተኩስ ሜዳዎችና የመሳሪያ ሱቆች ውስጥ በአደራ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ደውላችሁ ጠይቁ።